ሀርድ ዲስኬ "ፎርማት ይደረግ" ይላል፤ የአባቴ ድምፅ ውስጡ ነው

የአዳማዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። 1 ቴራ የምትይዝ ትንሽ ተንቀሳቃሽ ሀርድ ዲስክ አለችኝ። ስድስት ዓመት ተጠቅሜባታለሁ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ አንድ ፎልደር ለመክፈት አምስት ደቂቃ ትፈጅ ጀመር። ትናንት ማታ ስሰካት ዊንዶውስ "ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ይደረግ" የሚል ጽሑፍ አወጣ። ደንግጬ ዘጋሁት። አልወደቀችም፣ ውኃም አልነካትም። የቤተሰብ ፎቶ ሞልቶባታል። ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ግን አባቴ ከማረፉ በፊት ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ሲቆጥር በስልኬ የቀዳሁት ድምፅ ነው። ስልኩ ተሰርቋል፣ ሌላ ቦታ የለኝም። ሰፈራችን ያለ አንድ ኮምፒውተር ቤት "ፎርማት አድርገን በሶፍትዌር እንመልሰዋለን" አሉኝ። ልስጣቸው?

ጠጋኙ፦
እግዜር ያጽናሽ እህቴ። አትስጪያቸው። ፎርማት ይደረግ ማለቱ ዊንዶውስ የፋይሎቹን መዝገብ ማንበብ አቃተው ማለት ነው እንጂ ፋይሎቹ ጠፉ ማለት አይደለም። ታሞ እየሞተ ባለ ዲስክ ላይ ምንም ነገር አይጻፍም። ቼክዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ ዲስክ መጠገኛም እንዳታስኬጂ። እሱ መዝገቡን "አስተካክላለሁ" ብሎ እዚያው ላይ ይጽፋል፤ በዚህ የተነሳ ፎልደራቸው የተበታተነባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ይመጡብኛል።

አሁን ንቀይው። ዲስኩ በዞረ ቁጥር የቀረችውን ዕድሜ ነው የምታባክኚው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሌላ ኬብል ሰክተሽ ጆሮሽን አስጠጊ። ሳይቆራረጥ ሽሽ እያለ የሚዞር ከሆነ ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ የሚል ከሆነ ግን የሚያነበው ጭንቅላት ተጎድቷል፤ ያኔ ወዲያው ነቅለሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪው። ያ ንጹሕ ክፍልና የመለዋወጫ ጭንቅላት ያለው ባለሙያ ሥራ ነው። ሶፍትዌር አይነካውም።

አቤል 21፦
በፕላስቲክ ጠቅልለሽ አንድ ሌሊት ፍሪዘር ውስጥ አሳድሪው። ጓደኛዬ እንደዚያ አድርጎ ፋይሉን አውጥቷል።

ጠጋኙ፦
አቤል፣ ለመርዳት ብለህ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ይቅርባት። ከፍሪዘር ሲወጣ ብርጭቆ ላይ እንደምታየው ዓይነት ላብ፣ ዲስኩ ውስጥ የሚዞሩት መረጃው የተጻፈባቸው ሳህኖች ላይ ይይዛል። ጭንቅላቱ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በጥቂት ናኖሜትር ርቀት ነው። አንድ የፀጉር ዘለላ እንኳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ናኖሜትር ውፍረት አለው። በዚያች ክፍተት ውስጥ ጠብታ ውኃ ማለት ተራራ ነው። ክዳኑን በብሎን መፍቻ የሚከፍቱም አሉ፤ እሱም ያው ነው፣ አቧራ ገባ ማለት አለቀ።

የአዳማዋ፦
በወንድሜ ኬብል ሰክቼ አዳመጥኩ። ቀጭ አይልም፣ እንደ ድሮው ነው የሚዞረው። ወዲያው ነቀልኩት። ቀጥሎስ?

የባህር ዳሩ፦
ጥሩ ዜና ነው። እኔ በዚሁ ችግር ውስጥ አልፌያለሁ። ከታመመው ዲስክ ላይ ፋይል አትፈልጊም። ዲስኩን እንዳለ፣ ከነባዶ ቦታው፣ ጤነኛ ዲስክ ላይ አንድ ትልቅ ፋይል አድርገሽ ትገለብጪዋለሽ። ከዚያ በኋላ የምትበረብሪው ግልባጩን ነው።

ፕሮግራሙ ዲዲሬስኪው ይባላል፣ ነፃ ነው። ሲስተምሬስኪው የሚባለውን ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ሲስተም ነው) ፍላሽ ላይ አዘጋጅተሽ ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነሺው፤ ዲዲሬስኪው ውስጡ ስላለ ኢንተርኔት አያስፈልግሽም። የምወድለት ነገር ጤነኛውን ክፍል አስቀድሞ ያነባል። የተበላሸ ቦታ ሲገጥመው እዚያ ቆሞ አይታገልም፣ ዘሎ ያልፍና መጨረሻ ላይ ይመለስበታል። ተራ ኮፒ ፔስት ግን መጥፎው ቦታ ላይ ተገትሮ ዲስኩን ይገድለዋል።

ትዕዛዙ ላይ መጀመሪያ የታመመው ዲስክ፣ ቀጥሎ መድረሻው፣ መጨረሻ ማፕ የሚባለው ትንሽ ፋይል ይገባል። ቅደም ተከተሉን ካገላበጥሽ የሚጻፈው በአባትሽ ድምፅ ላይ ነው። ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት ሁለቱን ዲስኮች በመጠናቸው ለይተሽ ወረቀት ላይ ጻፊ። ማፑ የት እንደደረሰ የሚመዘግብ ነው። መብራት ቢሄድ ከቆመበት ይቀጥላል። እሱንም ጤነኛው ዲስክ ላይ አስቀምጪው፤ ከፍላሽ የተነሳ ሲስተም ሲጠፋ የያዘው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

መድረሻው 2 ቴራ ቢሆን ይሻላል። የ1 ቴራ ግልባጭ ሌላ 1 ቴራ ላይ በፋይል መልክ አይገባም፣ ትንሽ ይተርፋል። መድረሻው ፋት32 በሚባለው የፎርማት ዓይነት የተደረገ ከሆነም ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው ዓይነት ይሁን። ትዕግሥትም ያዢ። በሰከንድ 5 ሜጋ ብቻ ቢያነብ ከሁለት ቀን በላይ ይፈጃል።

ፎቶ ቤት፦
እኔ ከሌላ በኩል ልምጣ። ቴሌግራም ላይ የላክሻቸውን ነገሮች አይተሻል? ስልኩ ቢሰረቅም በተራው ቻት የተላከ ነገር ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ በዚያው ቁጥር ስትገቢ ይመጣል። ለእህት፣ ለአጎት የላክሽውን ቻት ከፍተሽ "ሚዲያ" እና "ድምፅ" የሚለውን እዪ። ፎቶው ጥራቱ ቢቀንስም ከምንም ይሻላል።

የአዳማዋ (ከአምስት ቀን በኋላ)፦
ቴሌግራም ላይ 60 የሚሆኑ ፎቶዎች አገኘሁ፣ ጅዳ ላለችው እህቴ የላክኋቸው። ድምፁ ግን የለም።

2 ቴራ ዲስክ ተውሼ ግልባጩን ጀመርኩ። ሦስት ቀን ፈጀ። ሁለት ጊዜ መብራት ሄደ፣ አንዱን የላፕቶፑ ባትሪ ቻለው፣ ሁለተኛው ሌሊት ነበር፣ ጠዋት ስነሳ ላፕቶፑ ጠፍቷል። በማፑ ቀጠልኩ፣ ካቆመበት ጀመረ። መጨረሻ ላይ ያልተነበበው 31 ሜጋ ብቻ ነው።

ግልባጩን ለማንበብ ብቻ አድርጌ ስከፍተው አብዛኛው ፎልደር ከነስሙ መጣ። "አባዬ" የሚለው ፎልደር ግን ባዶ ነበር። አለቀስኩ። ከዚያ ፎቶሬክ የሚባለውን የጠፉ ፋይሎችን ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም በግልባጩ ላይ አስኬድኩት። እሱ የፋይል ስም አይመልስም፣ ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጠው። የድምፅ ፋይሎቹን ለይቼ አንድ በአንድ ማዳመጥ ጀመርኩ። 140ኛው አካባቢ የሳል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ወንበር ተጎተተ። "ጀመርሽ እንዴ? ይቀዳል?" አለ። አባቴ ነው። 22 ደቂቃው ሙሉ አለ።

አሁን በሦስት ቦታ አለ፦ ላፕቶፔ ላይ፣ ፍላሽ ላይ፣ እህቴ ጋ ጅዳ። 14 ፎቶዎች ግን ግማሻቸው ግራጫ ሆኖ ነው የመጣው። እነሱ ይስተካከላሉ?

የባህር ዳሩ፦
እንኳን ደስ አለሽ! ግራጫው ያ ያልተነበበው 31 ሜጋ ላይ ያረፈው ክፍል ሊሆን ይችላል። ድምፁ ከተገኘ በኋላ አሁን መድፈር ትችያለሽ፦ በዚያው ማፕ፣ በዚያው ግልባጭ፣ መጥፎዎቹን ቦታዎች ሦስት ጊዜ ደግመሽ እንዲሞክር እዘዢው። ዲስኩን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጪው፣ አየር ያግኝ። ቀጭ ማለት ከጀመረ ግን አቁሚ።