ፎር ዊል ኳድ ላይ ስፕሮኬት ይቀየር ወይስ አይነካ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኳዴ (ባለ አራት ጎማ ሞተሬ) ፎር ዊል ነው፤ ማለትም አራቱም ጎማ ኃይል ያገኛል፤ የኋላውን ጎማ የሚያዞረው ሰንሰለት ነው። ጎማውን ከ25 ኢንች ወደ 27 ካሳደግኩ ወዲህ ዳገት ላይ ይደክማል፤ የካምቢዮው ቺንጋም (የሞተሩን ኃይል የሚያሻግረው ቀበቶ) መሽተት ጀምሯል። ከካምቢዮ የምትወጣዋን ትንሿን ስፕሮኬት (ሰንሰለቱን የምትነዳዋን ባለጥርስ ክብ) ከ13 ጥርስ ወደ 12 ላውርዳት ስል ግማሹ ሰው "ቀይር" ይለኛል፤ ግማሹ "ፋብሪካ የሠራውን አትንካ" ይላል። እናንተስ? እባካችሁ ከነምክንያታችሁ።

ደጋፊ፦ ቀይር እንጂ! ሒሳቡ ቀላል ነው። የኋላ አክስሉ ላይ ያለችው ትልቋ ስፕሮኬት 40 ጥርስ አላት እንበል። 40 ለ13 ሲካፈል 3.08 ነው፤ ለ12 ሲካፈል 3.33። ጉልበቱ በ8 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ፍጥነቱም ወደዚያው ይቀንሳል። 27 ኢንች ጎማ ደግሞ ከ25ቱ በ8 በመቶ ይበልጣል። አንዲት ጥርስ ቀንሰህ ጎማው የወሰደብህን አስመለስክ ማለት ነው። ሰንሰለቱም አይቀየርም፤ ማጥበቂያውን ትንሽ መሳብ ይበቃል። ትልቋ ላይ 3 ጥርስ መጨመርም ያው ውጤት አለው፤ ግን ትልቋ ስትሰፋ ወደ መሬት ትቀርባለች። ድንጋይ ሲመጣ ቀድማ የምትመታው እሷ ናት።

ተቃዋሚ፦ ኋላውን ብቻ የሚነዳ ኳድ ቢሆን እኔም እስማማ ነበር። ይሄ ግን ፎር ዊል ነው። የፊቱስ ነገር? የኋላውን ዙር ብቻ ካወረድከው ኋላው 100 ሜትር ሲሄድ ፊቱ 108 ልሂድ ይላል። አራቱም ጎማዎች ግን ያሉት አንድ ኳድ ላይ ነው። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ልዩነቱ ይዋጣል። ደረቅ መሬት ላይ መውጫ የለውም። መሪው ይከብዳል፤ ሰንሰለቱ እንደ ክራር ክር ይወጠራል። ቀጥሎ የሚሄደው ኩሽኔታ ወይም የፊት ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ የፊት ጎማዎች የሚያካፍለው) ጥርስ ነው።

ደጋፊ፦ ብዙ ኳዶች ላይ እኮ የፊት ጎማ የሚይዘው ኋላው ሲንሸራተት ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ፍርሃቱ የተጋነነ ነው።

መካኒክ፦ እዚህች ጋ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እንደዚያ ባለ ኳድ ላይ የፊቱ ሻፍት (ኃይሉን ወደ ፊት የሚያደርሰው ዘንግ) ሆን ተብሎ ከኋላው ትንሽ ዘግይቶ እንዲዞር ይደረጋል። የፊት ጎማ ከሻፍቱ ስለሚቀድም ሳይያዝ በነፃ ይሄዳል። ኋላው ተንሸራቶ ሲፈጥን ብቻ ሻፍቱ ደርሶ ይይዘዋል። የኋላውን ብቻ በ8 በመቶ ስታወርድ ይህ ቅደም ተከተል ሊገለበጥ ይችላል። ያኔ ፎር ዊል ባስገባህ ቁጥር ፊቱ ቀድሞ ይይዛል፤ ሸክሙን ሁሉ የሚጎትተው እሱ ይሆናል። ለዚያ ደግሞ አልተሠራም። በተቃራኒው የኋላውን ብታፈጥነው፣ ኋላው ብዙ ካልተንሸራተተ ፊቱ አይመጣልህም። ስለዚህ የደጋፊያችን መከራከሪያ ለፎር ዊል ውሃ አይቋጥርም።

ግን "አይነካ" የሚለውም ልክ አይደለም። ወሳኙ ነገር ኃይሉ የሚከፈልበት ቦታ ነው። የምትቀይራት ስፕሮኬት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከመከፈሉ በፊት ከሆነች ሁለቱም እኩል ይወርዳሉ፤ ቀይራት። ከተከፈለ በኋላ ከሆነች ፊቱም በዚያው ልክ መውረድ አለበት።

ይህን ደግሞ በጠመኔ ታውቀዋለህ። ሞተሩን አጥፋ፤ ካምቢዮውን ነፃ አድርግ፤ የኋላውን በክሪክ አንሳና በደንብ ደግፈው። የኋላ አክስሉ ላይና ወደ ፊት የሚሄደው ሻፍት ላይ ምልክት አድርግ። የፊቱን ጎማ አትመልከት፤ ላይዞር ይችላል። አክስሉን በእጅህ 10 ዙር አዙርና ሻፍቱ ስንት እንደዞረ ጻፍ። ከቀየርክ በኋላ ድገመው። ቁጥሩ ከተለወጠ የድሮዋን መልሳት።

ያገለገለ የገዛ፦ እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የገዛሁት ኳድ ትልቋ ስፕሮኬት ተቀይራ ነበር፤ ሻጩ ግን ትንፍሽ አላለም። ፎር ዊል ሳስገባ መሪው እምቢ ይል ነበር። በኋላ የፊት ዲፈረንሻሉ ተበላ። "ንብረቴ ነው፣ እንደፈለግኩ" ማለት ይቻላል። ግን ኳድ ይሸጣል፤ ይከራያል፤ ለሌላ ሰው ይሰጣል። የቀየረ ሰው የጥርሱን ቁጥር ጽፎ ከኳዱ ጋር ማስረከብ ግዴታው መሆን አለበት።

ደጋፊ፦ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። መደበቅ ነውር ነው። መከልከልን ግን አልቀበልም።

ተቃዋሚ፦ ማን ከለከለ? ሌላ መንገድ እያለ ጥርስ ላይ ለምን ይሮጣል ነው የምለው። ዳገት ላይ ሎው (ዝግተኛው ባለጉልበት) ማርሽ አለ።

ደጋፊ፦ ሎው ለአጭር አቀበት ነው። ቀኑን ሙሉ በሎው የሚሠራ ሰው የለም። በሃይ (በፈጣኑ ማርሽ) ሲሄድ ደግሞ ከባዱ ጎማ ቺንጋውን ያቃጥለዋል።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ያሉኝን አየሁ። ሰንሰለቱ የሚነዳው የኋላውን ብቻ ነው። ወደ ፊት የሚሄደው ሻፍት ከካምቢዮው በሌላ በኩል ይወጣል። የፊት ዲፈረንሻሉ የሚቀየር ጥርስ የለውም።

መካኒክ፦ እንግዲያው ስፕሮኬቷን ተዋት ልጄ። የቺንጋውን ፊተኛ ፑሊ (ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ክብ) አስከፍትና ውስጡ ባሉት ክብደቶች ፋንታ ቀለል ያሉ አስገባበት። ሞተሩ ዙሩን ይዞ ይቆያል፤ ቺንጋው ቶሎ ወደ ፍጥነት አይሸሽም። ጎማው የወሰደውን ሁሉ አይመልስልህም፤ መነሻው ላይ ግን ልዩነቱን ታየዋለህ። ካልበቃህ ወደ 25ቱ ተመለስ። አራቱንም አንድ ላይ ቀይር እንጂ የኋላውን ብቻ እንዳታሳንስ፤ የዙሩን ልዩነት እሱም ያበላሸዋል።