ልጄ ድንኳን ውስጥ ይደር? (ወደ ቡራዩ ለክረምት ለሚመጡም)

ከለንደን፦

ሰላም ለሁላችሁ። የ14 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ «ዱክ ኦፍ ኤዲንብራ» የሚሉትን ፕሮግራም ሊጀምር ነው፣ የመጀመሪያውን፣ የነሐሱን ደረጃ። ከጓደኞቹ ጋር ቦርሳ ተሸክመው ሁለት ቀን በእግር ይጓዛሉ፣ አንድ ሌሊት ድንኳን ውስጥ ያድራሉ። አስተማሪም አብሯቸው አይሄድም አሉኝ። እኔ ብቻውን ሱቅ እንኳን ልኬው አላውቅም። ልፈርም ወይስ ይቅር? በሐምሌ እናቴ ጋ ቡራዩ እንመጣለን። እዚያ ቢለማመድስ?

ከሱሉልታ፦

እህቴ፣ ፈርሚለት።

እኛ እንግሊዝ ብዙ ዓመት ኖረን ነው ሱሉልታ የገባነው። ትልቋ ልጄ ነሐሱን እዚያው ጨርሳለች። ፍርሃትሽን አውቀዋለሁ። የወጣች ሌሊት ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ ነው ያነጋሁት። በማግስቱ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ገባች። መንገድ ስተው ሁለት ሰዓት ዞረዋል። ካርታ የያዘችው እሷ ነበረች። ያሳተችውም እሷ፣ መልሳ ያገኘችውም እሷ። ያን ቀን እራት ላይ ያወራችውን ያህል ዓመቱን ሙሉ አላወራችንም።

አስተማሪ አይሄድም ሲሉሽ የሚያያቸው የለም ማለት አይደለም። ከአራት እስከ ሰባት ሆነው ነው የሚጓዙት። አስቀድመው ካርታና ኮምፓስ፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ የምድጃ አያያዝ ይማራሉ። ተቆጣጣሪው ራቅ ብሎ ይከታተላቸዋል። ግን መንገድ አይመራቸውም። ዋናው ነገር እሱ ነው።

ፕሮግራሙን የኤዲንብራው ዱክ፣ የንግሥት ኤልሳቤጥ ባል ልዑል ፊሊፕ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሲያቋቁሙት፣ ሐሳቡን የገፋፏቸው የቀድሞ ርዕሰ መምህራቸው ኩርት ሃን ነበሩ። መጀመሪያ ላይ ሥራውን የመሩት ጆን ሃንት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1953 ኤቨረስት ጫፍ የደረሰውን ቡድን የመሩት ሰው ናቸው። ታዲያ ጉዞ ብቻ እንዳይመስልሽ። በጎ ፈቃድ አለ፣ ስፖርት አለ፣ ሙያ አለ። ነሐስ ላይ እያንዳንዱ ቢያንስ ሦስት ወር፣ ከሦስቱ አንዱ ስድስት ወር ይፈልጋል፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ገደማ። ወላጅ የሚፈራው ጉዞውን ነው። ልጁ የሚፈተነው ግን እዚህ ላይ ነው። ለ14 ዓመት ልጅ አንድ ነገር ይዞ ሦስት ወር ሳያቋርጡ መቆየት ቀላል አይደለም።

ልጄ እዚህ ከመጣን በኋላ የዶሮ ቤት ልሥራ አለች። አጠናና ምስማር ገዛሁላት። ሠራችው፣ ግን ክፍተት ነበረው። በሦስተኛው ሌሊት ሸለምጥማጥ ሁለት ዶሮ በላባት። አለቀሰች። እኔ አላስችል ብሎኝ አናጺ ልጠራ ስልክ አነሳሁ። እናቷ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። ልጅቷ ጎረቤታችን ያሉት አዛውንት ጋ ሄዳ ማገሩን እንዴት አጠጋግቶ መምታት እንዳለባት ጠየቀች። አፍርሳ እንደገና ሠራችው። ይኸው እስከ ዛሬ ቆሟል። አናጺው መጥቶ ቢሆን ኖሮ ሥራው ቆንጆ ይሆን ነበር፣ የእሷ ግን አይሆንም ነበር።

ወደ ቡራዩ ልመለስ። ሐምሌ ክረምት ነው። ጠዋት ውጡ፣ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ወንዝ ሞልቶ ካገኛችሁት አትሻገሩ። መብረቅ ሲጀምር ረጅም ዛፍ ሥር መጠለል የለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ይረፍ። ከለንደን መጥቶ በማግስቱ እንጦጦን ልውጣ ቢል ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የመጀመሪያ ድንኳኑን እናትሽ ግቢ ውስጥ ይትከል። ዝናብ ሲገባበት የት እንዳጠፋ ያያል፣ ቤቱም ቅርብ ነው። ከዚያ ለቀን ጉዞ መናገሻ ሱባ ጫካ ውሰዱት። ጥዱና ዝግባው፣ ጉሬዛው፣ የምኒልክ ድኩላው! ጫካው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን ዘር መጥቶ የተተከለ ነው ይባላል። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ የመንገዱንም ሁኔታ በዚያው ሰሞን ጠይቁ።

ስንቁን ራሱ ያዘጋጅ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ፓስታ ቶሎ አይበስልም። በሶ ግን እሳት አይፈልግም። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ከተጨመረበት በቂ ነው። አያቶቻችን አገር ያቋረጡት በዚሁ ነው።

ከቶሮንቶ፦

በዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከቻላችሁ እስከ ቡሄ ቆዩ። የእኔ ልጅ ባለፈው ክረምት ሰበታ ከአጎቱ ልጆች ጋር ጅራፍ መግመድ ተማረ። ቃጫውን ራሱ አለሰለሰ፣ ራሱ ገመደ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልጮህ አለው። ነሐሴ 13 ጠዋት ጮኸለት። አማርኛውም በዚያ ሁለት ሳምንት ነው የተፈታው፣ የሰፈሩ ልጆች በእንግሊዝኛ አያስተምሩትማ። ደግሞ ቦርሳና ጫማው ውድ ነው ብለሽ እንዳትሸሺ። ትምህርት ቤቱ የሚያውሰው ዕቃ ካለው ጠይቂ፣ ማፈር የለም።

ከለንደን፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ፈረምኩ። ልጁ አቀፈኝ፣ ይህን ካደረገ ቆይቷል።

ለእናቴም ደወልኩላት። ግቢው ውስጥ ድንኳን ሊተክል ነው ስላት «እኔ ቤት እያለኝ የልጅ ልጄ ውጭ አያድርም» ብላ ተቆጣች። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ ነገርኳት። ዝም አለች። ቆይታ ስንት ኪሎ ገብስ እንደምታስቆላ ጠየቀችኝ። ለአንድ ሌሊት ጉዞ በሶ ስንት ይበቃል?