ለትውስታ ተብሎ የሚሸጥ የተብላላ የባሕር አረም፦ ልክ ነው ወይስ ማታለል?

ልጇ (ክርክሩን የከፈተ)
እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ሰሞኑን አንዱን ነገር ሦስቴ ትጠይቀኛለች። መልሼላት ጓዳ ገብቼ ስወጣ ያው ጥያቄ ይጠብቀኛል። ቴሌቪዥኑንማ ግድግዳው እስኪንቀጠቀጥ ነው የምትከፍተው። አንድ ወዳጄ የተብላላ የባሕር አረም እንክብል አሳየኝ። ጠርሙሱ ላይ «ትውስታን ያድሳል» ይላል። ልግዛላት? ደግሞስ እንዲህ ብሎ መጻፍ ሊፈቀድ ይገባል?

የቤተ ሙከራ ሰው
ነገሩ ባዶ ወሬ እንዳይመስልህ። ኮምቡ የሚባለው ቡናማ የባሕር አረም ግሉታሜት የተባለ አሚኖ አሲድ ሞልቶታል። ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናዬ ኢኬዳ በ1908 (እ.ኤ.አ.) ኡማሚ ያለውን ጣዕም ያገኘው ከዚሁ ነው። ላክቶባሲለስ ብሬቪስ የተባለ ባክቴሪያ ሲያብላላው ግሉታሜቱ ወደ ጋባ ይለወጣል። ጋባ አንጎል ውስጥ የነርቭ ሕዋሳትን ጩኸት ጋብ የሚያደርግ ነው፤ ስሙ ለአማርኛ የወጣ ይመስላል። የኮሪያ ተመራማሪዎች በ2018 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ጥናት አለ። 40 አረጋውያን ነበሩ። ገሚሶቹ በቀን 1.5 ግራም የተብላላ የባሕር አረም፣ ሌሎቹ ማስመሰያ (አረሙ የሌለበት) ለ6 ሳምንት ወሰዱ። የአጭር ጊዜ ትውስታ ፈተና ላይ አረሙን የወሰዱት ተሽለው ተገኙ። እኔ ይሸጥ ባይ ነኝ።

ተጠራጣሪው
40 ሰው? 6 ሳምንት? የመርሳት በሽታ እኮ ዓመታት ወስዶ ነው የሚገባው። በዚያ ላይ የተፈተኑት ጤነኞች ናቸው፤ ፈተና ላይ ጥቂት ነጥብ መጨመርና በሽታን ማስቆም ለየቅል ነው። የተዋጠ ጋባ ከደም ወደ አንጎል በበቂ መጠን መሻገሩም ገና ያከራክራል።

ባሕር ደግሞ ከዚህ በፊትም ተስፋ ሰጥታን ነበር። ቻይና በ2019 ከቡናማ አልጌ ስኳር የተሠራ የአልዛይመር መድኃኒት በቅድመ ሁኔታ ፈቀደች። በሌሎች አገሮች የተጀመረው ትልቅ ሙከራ በ2022 ሳያልቅ ተቋረጠ። ፕሬቫጅንንም አስታውሱ። ጄሊፊሽ ውስጥ የተገኘ ፕሮቲን ነው፣ ለትውስታ ተብሎ የተቸበቸበ። በ2017 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንና የኒውዮርክ ዐቃቤ ሕግ አምራቹን ከሰሱ። ክሱ የኩባንያው የራሱ ሙከራ ከማስመሰያው የተሻለ ውጤት አላሳየም የሚል ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ እኛም ጠርሙስ ባየን ቁጥር አንሩጥ።

የአባቱ አስታማሚ
እኔ ጥናት አልጠቅስም። አባቴ ለትውስታ ብሎ የባሕር አረም እንክብል ጀመረ፤ ያልተብላላውን፣ ደረቁን። በወሩ ገደማ ከአልጋ አልነሳ አለ። ሁሉም ሰው በሸሚዝ በሚቀመጥበት ቀን እሱ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይቀመጣል። በወንድሜ ስም ይጠራኝ ጀመር። እኛ «በሽታው ባሰበት» ብለን እንክብሉን እንዳይረሳ እያስታወስነው ነበር፤ ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል። ደሙ ሲመረመር ታይሮይዱ፣ አንገት ላይ ያለችው እጢ፣ ደክሟል። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቁት «አዮዲን ያለበት ነገር ትወስዳለህ?» ብለው ነው። እንክብሉን አቆመ፣ ክትትል ተደረገለት፣ ቀስ እያለ ተመለሰ።

የቤተ ሙከራ ሰው
አይዞህ። ይሄ ቀልድ አይደለም። አዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው 150 ማይክሮግራም አዮዲን ነው። አንድ ግራም ደረቅ ኮምቡ ብቻውን ከ1000 በላይ ሊይዝ ይችላል። ከፍተኛው ገደብ በአሜሪካ 1100፣ በአውሮፓ 600 ነው። አዮዲን ሲያንስ እንቅርት፣ ሲበዛም የታይሮይድ ጣጣ። ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ብዙውን ይቀንሰዋል፤ ማብላላት ግን አያጠፋውም፣ እሱን አምናለሁ። ስለዚህ የአዮዲኑ ልክ በቁጥር ያልተጻፈበት ጠርሙስ መሸጥ የለበትም።

ተጠራጣሪው
አሁን ተግባባን። ቁጥሩ ይግባ፣ «ትውስታን ያድሳል» ይውጣ። እንደ ምግብ ይሽጡት፣ ማን ከለከላቸው?

የቤተ ሙከራ ሰው
እሱ ላይ አንግባባም። ጥናቱን እንዳለ ይጻፉት፦ «በ40 ሰዎች፣ ለ6 ሳምንት»። ገዢው ይፍረድ።

ተጠራጣሪው
ጠርሙስ ላይ ያቺን ደቃቅ ጽሑፍ ማን ያነባታል ወንድሜ? የ71 ዓመት እናት?

ነርሷ
ሁለታችሁም ጠርሙሱ ላይ ቀራችሁ። ልጇ፣ እናትህ ቴሌቪዥኑን አስጩኸው ነው የሚከፍቱት አላልክም? ጆሯቸው ታይቶ ያውቃል? በ2024 የላንሴት (የሕክምና መጽሔቱ) ኮሚሽን በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድልን ከሚጨምሩና ልንቀይራቸው ከምንችላቸው 14 ነገሮች አንዱ የመስማት ችግር ነው ብሏል። የደም ግፊት አለ፣ ስኳር አለ፣ የዓይን ድካም አለ፣ ብቸኝነት አለ። ሁሉም ቢስተካከሉ 45 በመቶ ያህሉን የመርሳት በሽታ መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ነው ግምቱ። ደግሞ መልሱን በደንብ ያልሰማ ሰው መልሶ ይጠይቃል፤ ዎርድ ውስጥ በየቀኑ የማየው ነው። የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራም ይጨመርበት። ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ አረሙን ለሐኪማቸው ሳይነግሩ እንዳይነኩት፤ መድኃኒቱን የሚያዳክም ቫይታሚን ኬ አለው።

ልጇ
ይሄ በጭራሽ አልመጣልኝም ነበር። አሁን ጎኗ ሄጄ በቀስታ «እራት በልተሻል?» አልኳት። ዝም። ፊት ለፊቷ ቆሜ፣ አፌን እያየች ደገምኩላት። «ቅድም አብረን በላን አይደል እንዴ፣ ምን ነካህ?» አለችኝ። ቀጠሮ ልይዝላት ነው።