ክርክር፦ አለቃው ሳይፈቅድ ሥራ ያስቆመ ኃላፊ ይመስገን ወይስ ይጠየቅ?

የሌሊት ፈረቃ ኃላፊ፦ ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ጉዳዩም የራሴ ነው። የምሠራበት ፋብሪካ የሕፃናት ሽሮፕ ያሽጋል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንዲት ሠራተኛ ጠርሙስ ይዛ መጣች። የሌሎቹ ሁሉ ሌብል 125 ሚሊ ግራም ይላል። የያዘችው ግን 250 ይላል። የጭነት መኪናው ደጅ ቆሟል። አለቃዬ ጋ አራት ጊዜ ደወልኩ፤ አያነሳም። የማሸጊያ መስመሩን አስቆምኩ። የታሸገውን ካርቶን ሁሉ ከፍተን አንድ በአንድ ስናይ ነጋ። ሌላ የተሳሳተ አንድም አልተገኘም። መኪናው ግማሹን ጭኖ ሄደ። ሰኞ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «ከተሰጠው ሥልጣን ውጪ» ይላል። እኔ ልክ ነበርኩ ባይ ነኝ። እናንተስ?

ዋና ነርስ፦ ልክ ነህ ወንድሜ። ውስጡ 125 ሆኖ ላዩ ላይ 250 ከተጻፈ፣ ልጁ የሚያገኘው ከታዘዘለት ግማሹን ነው። እናትየው ለክታ ሰጥታለች፣ ሰዓቱን ጠብቃለች፣ ልጁ ግን አይሻለውም። የተገላቢጦሹ ደግሞ እጥፍ ነው። ሌሊት ስልክ ያላነሳ ሰው ሰኞ ደብዳቤ ሲጽፍ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚባለው።

የሒሳብ ኃላፊ፦ እህቴ፣ ስሜቱ ይገባኛል። ግን ድርጅት የሚቆመው በሥርዓት ነው። እያንዳንዱ የፈረቃ ኃላፊ በተጠራጠረ ቁጥር ሥራ ካስቆመ ውል ማክበር አይቻልም። በራስ መወሰን ሁልጊዜ ጀግንነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 በስፔኗ ደሴት ቴኔሪፍ አየር ማረፊያ ላይ የሆነውን አስታውሱ። በጭጋግ ውስጥ አንድ ካፒቴን የመነሻ ፈቃድ ሳያገኝ አውሮፕላኑን አስነሳ። የሠራተኞቹ የሥራ ሰዓት ገደብ እየደረሰ ስለነበር ጊዜ አጥሮታል። መንደርደሪያው ላይ ሌላ አውሮፕላን ነበር። 583 ሰው አለቀ። ያም ሰው ፈቃድ ሳይጠብቅ የወሰነ ኃላፊ ነበር።

የሶፍትዌር ቡድን መሪ፦ ምሳሌው ጥሩ ነው፤ የሚያሳየው ግን ያንተን ተቃራኒ ነው። ካፒቴኑ የወሰነው ለመሄድ ነው። ይሄኛው የወሰነው ለመቆም ነው። ሁለቱ እኩል አይደሉም። ቆመህ ብትሳሳት የሚጠፋው ሰዓትና ገንዘብ ነው፤ ጠዋት ትቀጥላለህ። ሄደህ ብትሳሳት የምትመልሰው ነገር የለም። ደግሞ እዚያው ቴኔሪፍ ላይ፣ አብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ የበረራ መሐንዲሱ «ያኛው አውሮፕላን መንደርደሪያውን አልለቀቀም እንዴ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ ለቋል አለ። መሐንዲሱ ዳግመኛ አልተናገረም። ከዚያ በኋላ ነው አየር መንገዶች ረዳት አብራሪ ካፒቴኑን እንዲሞግት፣ ካፒቴንም እንዲሰማ በሥልጠና ደረጃ ማስተማር የጀመሩት።

ቶዮታን ተመልከት። መስመሩ አጠገብ ገመድ አለ። ማንኛውም ሠራተኛ ችግር ካየ ይስበዋል። የቡድን መሪው ይመጣል፤ ችግሩ ቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። የሳበው ሰው «ማን ፈቀደልህ?» አይባልም። የማቆም ሥልጣን ቀድሞ ስለተሰጠ ሌሊት ስልክ መጠበቅ አያስፈልግም። የኛ ቡድን ውስጥም አርብ ማታ ሲስተም ሲወድቅ ያየሁት ይሄንኑ ነው። ማን ሲስተሙን ወደ ቀድሞው ሥሪት እንደሚመልሰው ቀድሞ ከተነጋገርን አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ካልተነጋገርን ሁሉም ሌላውን ያያል።

የሰው ኃይል ባለሙያ፦ እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ። «ከተሰጠው ሥልጣን ውጪ» የሚለው ገደብ የት ነው የተጻፈው? አለቃ ስልክ ካላነሳ ማን ይወስናል የሚል መመሪያ ከሌለ፣ ጥፋቱ መመሪያ ሳያወጣ ከተቀመጠው ሰው ይጀምራል። ለደብዳቤው በጽሑፍ መልስ ስጥ።

የሒሳብ ኃላፊ፦ መቆሙን ተቀበልኩ፤ በመቆምና በመሄድ መካከል ያለው ልዩነት አሳምኖኛል። ግን አንድ ነገር አልለቅም። ውሳኔው ያንተ ከሆነ ኪሳራውም ያንተ መሆን አለበት። ከደሞዝህ ይቆረጥ ማለቴ አይደለም። «እኔ ነኝ ያስቆምኩት፣ ምክንያቱ ይሄ ነው፣ ይሄን ያህል ዘገየን» ብሎ ሳይጠየቁ መጻፍ ማለቴ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተባባሪዎቹ ጦር አዛዥ ጄኔራል አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. በ1944 ጦሩን ፈረንሳይ ውስጥ ኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ ላይ ከማሳረፉ በፊት፣ ምናልባት ካልተሳካ ብሎ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው የሚል ማስታወሻ ጽፎ ነበር። በአየሩ ምክንያት ዘመቻውን በአንድ ቀን ያዘገየውም እሱ ነው። አንተስ ጠዋት ሪፖርት አደረግክ?

የሌሊት ፈረቃ ኃላፊ፦ አዎ፣ 1 ሰዓት ላይ ጽፌ ልኬያለሁ። በስሜ።

የጥራት ተቆጣጣሪ፦ እስካሁን ዝም ብዬ እያነበብኩ ነበር። ይሄ ሥራዬ ስለሆነ ልጠይቅ። ያ አንድ ሌብል ከየት መጣ?

የሌሊት ፈረቃ ኃላፊ፦ ከሱ በፊት የታሸገው 250 ነበር። ማሽኑ ሮለር ሥር ተጣብቆ የቀረ ነው የሚመስለው።

የጥራት ተቆጣጣሪ፦ እንግዲያው ማቆምህ ትክክል ነው፤ አንድ ሌብል ከቀረ አሥርም ሊቀር ይችላል፣ ሳትቆጥር አታውቅም። ግን አዲስ ምርት ከመጀመሩ በፊት የበፊቱ ሌብል ሙሉ በሙሉ መነሳቱን አይቶ የሚፈርም ሰው አለ። የዚያን ሌሊት ማን ፈረመ?

የሌሊት ፈረቃ ኃላፊ፦ እኔ።

ቆይቼ ልመልስ ብዬ ነበር፤ ግን ልናገረው። ፈረቃ ስረከብ አንድ ሰዓት ዘግይተን ነበር። «መኪናው እየመጣ ነው» ተባልኩ። ላዩን አየሁት፣ ንጹሕ ነው። ሮለሩን አላስነሳሁም። ፈረምኩ። ሪፖርቴ ላይ ስለ ሌብሉ ጽፌያለሁ፤ ስለ ፊርማው አልጻፍኩም። እውነቱን ለመናገር ቁጭ ብዬ ያሰብኩበት አሁን ነው፤ ደብዳቤው አናዶኝ ስለነበር።

ዋና ነርስ፦ ይሄን ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። እኛም ዎርድ ውስጥ ሳናይ የምንፈርመው ብዙ ነው፤ ጫናው ያስፈርማል።

የጥራት ተቆጣጣሪ፦ ጫናው ምክንያቱ እንጂ ማስተባበያው አይደለም፣ ሲስተር። ሁለቱንም አንድ ላይ ይጻፋቸው፦ ሳላይ ፈርሜያለሁ፣ ሳውቅ አስቁሜያለሁ። ለሁለተኛው ቅጣት አይገባውም። ለመጀመሪያው ይጠየቅ። ግን «መኪናው እየመጣ ነው» ያለውም አብሮ ይጠየቅ።

የጽዳት ሠራተኛ፦ እኔም ሌሊት ነው የምሠራው። ጠርሙሱን ያመጣችው ልጅ ስም ሪፖርቱ ላይ አለ?

የሌሊት ፈረቃ ኃላፊ፦ የለም። «ተገኘ» ብዬ ነው የጻፍኩት። ዛሬ ፈረቃ ስገባ አስቀድሜ እሷን አነጋግራታለሁ። ከፈቀደች ለደብዳቤው በምሰጠው መልስ ላይ ስሟ ከኔ ፊርማ በላይ ይገባል።