ለመረሬ ጓሮ አሸዋ ይሻላል ወይስ ፍግ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አቃቂ በሚገኘው ግቢያችን 60 ካሬ ሜትር ያህል የጓሮ ቦታ አለኝ፤ አፈሩ ግን ጥቁር መረሬ ነው። በክረምት ቦት ጫማ ከእግር የሚነጥቅ ጭቃ ይሆናል፤ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። አምና የዘራሁት ካሮት ወደ ታች መውረድ ስላቃተው እንደ ዝንጅብል ተጣሞና ተከፋፍሎ ወጣ። አንድ ግንበኛ «አሸዋ ቀላቅይበት» ስላለኝ ላስመጣ አስቤአለሁና፣ ከዚያ በፊት ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1፦
እህቴ፣ አሸዋው ይቅርብዎ። መረሬ እጅግ የደቀቀ አፈር ስለሆነ በአሸዋው መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። ለውጥ የሚያመጣ መጠን ልጨምር ቢሉ ደግሞ፣ የጓሮዎ አፈር በ20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ብቻ ሲሰላ 12 ሜትር ኩብ ስለሚሆን፣ ቢያንስ ያንኑ ያህል አሸዋ ያስፈልግዎታል። በዚያ ገንዘብ ስንት ጆንያ ፍግ ይገዛ ነበር! በደንብ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት ግን የደቀቀውን አፈር አያይዞ ፍርፋሪ ያደርገዋል፤ አየርና ውኃ የሚያልፉትም በፍርፋሪው መካከል ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ለማልበስ 3 ሜትር ኩብ ይበቃዎታል፤ እየበሰበሰ ስለሚያልቅ ግን በየዓመቱ መጨመር አለበት። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል።

ከሁሉ በላይ እርጥቡን አይቆፍሩ። ጥቂት አፈር ጨብጠው ያድቦልቡሉና በአውራ ጣት ይጫኑት፤ ከተፈረፈረ ዶማውን ያንሡ፣ እንደ ሊጥ ከተልመጠመጠ ግን ጥቂት ቀን ይታገሡ፤ ያለዚያ ሲደርቅ ድንጋይ የመሰለ ጓል ይታቀፋሉ።

መልስ 2፦
በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ፍግ ብቻውን የክረምቱን ውኃ አያስወጣም። አፈሩ እንደ እርስዎ ጓሮ መረሬ የሆነው የበቾ ሜዳ ገበሬ ሽምብራና ጓያን ክረምቱ ሲያበቃ በቀረው እርጥበት የሚዘራው ያለ ምክንያት አይደለም። እርስዎ 1 ሜትር ከ20 ስፋት ያለው መደብ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይሥሩ፤ በመደቦቹ መካከል ቦይ ያውጡና በቦዩ ብቻ ይራመዱ። ጭድ ካለዎት ከላይ ያልብሱት እንጂ አይቅበሩት፤ ሲበሰብስ የአፈሩን ናይትሮጅን ስለሚሻማ ጎመንዎ ቢጫ ይሆናል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ፤ አሸዋውን ትቼዋለሁ። ጎረቤቴ ደግሞ ኖራ ያለሰልሰዋል ይላሉ፤ ልጨምርበት?

መልስ 1፦
ኖራ የሚጠቅመው ለአሲዳማ አፈር ነው። መረሬ አብዛኛውን ጊዜ አሲዳማ ስላልሆነ፣ አፈሩን ሳያስመረምሩ ባይጨምሩ ይመረጣል። ካሮቱንም ለዘንድሮ ይተዉትና በቆስጣ ወይም በጥቅል ጎመን ይጀምሩ።