ቁልቢ ልንሄድ ተዘጋጅተን ልጃችን ተቅማጥ ያዘው፤ «ግግ ነው፣ ይውጣለት» ይሉናል

ጥያቄ፦ የሳቢያኗ እናት (ድሬዳዋ)

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። ልጃችን 9 ወር ሞልቶታል። የመጀመሪያችን ነው። ሰሞኑን ቤቱ ሁሉ በሱ ወሬ ተሞልቷል። መዳህ ጀመረ። ታችኛው ድዱ ላይ ሁለት ጥርስ ብቅ አለ። ሶፋ ይዞ ሲቆም ጎረቤቱ ሁሉ «ወፌ ቆመች» እያለ አጨበጨበለት።

ባለፈው ሳምንት ከአልጋ ወደቀ። ወዲያው አለቀሰ፣ ጠባ፣ ተጫወተ። ግንባሩ ላይ የነበረው እብጠት አሁን ጠፍቷል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ግን ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ያዘው። ደም የለውም። ጡት ይጠባል፣ ምግብ ግን አሻፈረኝ ብሏል።

ለሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል የምናስገባው ስለት አለን። በሱ የተሳልነው ነው። ከዚያ ሐረር አማቴ ጋ ልንወስደው ነው፣ እስካሁን አላዩትም። እሳቸው ደግሞ በስልክ «ግግ ነው፣ እዚህ የሚያወጡ አዋቂ አሉ፣ አምጡት» አሉን። ባለቤቴ እናቱን እምቢ ማለት ከብዶታል። እኔ ፈርቻለሁ። ምን ላድርግ? ጉዞውስ ይቅር?

መልስ፦ ሲስተር (ገንደ ቆሬ)

እህቴ፣ ከተቅማጡ እንጀምር። ኦአርኤስ (በውሃ ተበጥብጦ ለተቅማጥ የሚጠጣውን ዱቄት) ከጤና ጣቢያ ወይም ከፋርማሲ ያዢ። አንዱን ፓኬት በሙሉ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ በጥብጪው። ከፓኬቱ ቀንሶ በብርጭቆ መበጥበጥ አይሆንም፣ መጠኑ ይዛባል። ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ቀስ እያልሽ ስጪው። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቀሽ ቀጥዪ። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ። ጡት በፍጹም እንዳታቋርጪ፣ እንዲያውም ጨምሪ። ጤና ጣቢያ ዚንክም ይሰጡሻል። ለሱ ዕድሜ በቀን 20 ሚሊ ግራም ነው፣ ከ10 እስከ 14 ቀን።

እርግብግቢቱ ከሰረጎደ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ካነሰ፣ ከፈዘዘ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ደም ካየሽ ነገ አትበዪ። በሌሊትም ቢሆን ውሰጂው።

አሁን ወደ ግግ ልምጣ፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል። ግግ የሚሉት በሽታ አይደለም። ገና ያልወጣ የወተት ጥርስ ነው፣ ብዙ ጊዜ ክራንቻው። ድዱ እዚያ ላይ አበጥ፣ ነጣ ስለሚል በሽታ ይመስላል። አዋቂ የተባሉት ድዱን በስለት ወይም በሹል ነገር ሰንጥቀው ለስላሳውን ጥርስ ፈልቅቀው ያወጡታል። ሕፃኑ ይደማል። መሣሪያው ንጹሕ ካልሆነ ኢንፌክሽን ይገባል፣ ቴታነስና ኤችአይቪም ሊተላለፍ ይችላል። ከሥሩ የሚያድገው ቋሚ ጥርስም ሊበላሽ ይችላል። እንጥል ማስቆረጥም እንደዚሁ ነው፣ እሺ እንዳትዪ።

ታዲያ ጥርስና ተቅማጥ ለምን አብረው ይመጣሉ? በዚህ ዕድሜ ልጅ ይድሃል፣ ያገኘውን ወደ አፉ ይከታል፣ ምግብም ይለምዳል። ጀርሙ የሚገባው በዚያ ነው። ጥርሱም የሚወጣው በዚያው ሰሞን ስለሆነ ነው ጥፋቱ ጥርስ ላይ የሚላከከው።

መልስ፦ የድሮ ሰው (መጋላ)

ልጄ፣ እኛ ሁላችን ግግ ወጥቶልን ነው ያደግነው። የኔም ልጆች ወጥቶላቸው ነው ተቅማጡ የቆመው። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርሽ።

መልስ፦ ሲስተር (ገንደ ቆሬ)

አባቴ፣ ያዩትን አልክድም። ብዙው የሕፃናት ተቅማጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይቆማል። ግግ የሚወጣው ደግሞ ልጁ ጥቂት ቀን ከታመመ በኋላ ነው። ሊቆም የደረሰው ተቅማጥ ሲቆም ምስጋናው ለአዋቂው ይሄዳል። የሞቱት ሕፃናት እናቶች ግን «ግግ ገደለብኝ» እንጂ «ማውጣቱ ገደለብኝ» አይሉም። ልጁን የሚጎዳው የውሃ መጉደል ነው። ለዚያ ደግሞ መፍትሔው ኦአርኤስ ነው።

መልስ፦ የጀጎል ልጅ (ሐረር)

እህቴ፣ አማትሽን አትጋፈጪያቸው። የልጅ ልጃቸው ታሞ ዝም ማለት አልቻሉም፣ ፍቅር ነው። የኔም አማት እንደዚሁ ነበሩ። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ባልሽ አብሮሽ ይሂድ። ሐኪሟ የምትለውን በጆሮው ይስማ፣ ከዚያ ለእናቱ እሱ ይደውል። ካንቺ ሲሰሙትና ከልጃቸው ሲሰሙት ወላሂ አንድ አይደለም። ሐረር ስትደርሱ ደግሞ ኦአርኤሱን በማንኪያ መስጠቱን ለሳቸው ስጫቸው። ኃላፊነት ሲሰጣቸው ልባቸው ያርፋል። ልጁን ብቻውን ትታችሁባቸው ገበያ አትውጡ እንጂ።

መልስ፦ የመንትዮች አባት (አዲስ ከተማ)

አቦ፣ ስለ መንገዱ እኔ ልንገርሽ። ተቅማጡ ካልቆመ አትነሱ። ታኅሣሥ 19ም ቁልቢ ይነግሣል፤ ስለታችሁን ያኔ ብታስገቡ ገብርኤል አይቀየማችሁም። ከተሻለው ግን ከንግሡ ቀን ቀደም ብላችሁ ሂዱ። በዋዜማው መንገዱ በመኪና ይጨናነቃል፣ ከሕፃን ጋር ቆሞ ማደር ይመጣል።

ድሬ 1200 ሜትር አካባቢ ናት። ደንገጎን ስትወጡ ከ2000 ሜትር በላይ ትገባላችሁ። ቁልቢ በሐምሌ ዝናብና ብርድ ነው። በድሬ ልብስ የወጣ ልጅ እዚያ ይንቀጠቀጣል። ስስ ስስ ልብስ ደራርቡለት፣ ኮፍያና ካልሲ ያዙ። ዳገቱ ላይ ጡት አጥቢው፣ ጆሮው አይዘጋበትም። ከደንገጎ ወደ ሐረር የሚወስደው በሐረማያና በአወዳይ በኩል ነው፣ ስለዚህ ከቁልቢ ስትመለሱ ድሬ መውረድ አያስፈልጋችሁም። የፈላ ውሃ በፔርሙስ ያዙ። የመንገድ ዳር ጭማቂ ለልጁ አታቅምሱት።

ጠያቂዋ፦ የሳቢያኗ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ኦአርኤሱን ገዝተን ጀምረናል፣ በማንኪያ ይወስዳል። ሌሊት ግን ሰውነቱ ሞቀ። ይህ የጥርስ ነው?

መልስ፦ ሲስተር (ገንደ ቆሬ)

ጥርስ ድድ ያሳክካል፣ ለሃጭ ያበዛል፣ ያነጫንጫል። ሰውነት ያን ያህል የሚያሞቅ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ይፈለግ። ዛሬውኑ ውሰጂውና የወባ ምርመራ ይደረግለት። በ2014 ዓ.ም. ድሬ ላይ በደረቁ ወቅት ወባ ተነሥቶ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ያኔ ወባውን ያስተላለፈችው ትንኝ ከተማ ውስጥ፣ በቤታችን የውሃ ታንከርና በርሜል ነው የምትራባው። የእናንተን ክደኑ። አጎበርም ለጉዞው ያዙ።

ስለ መውደቁም ሳልነግርሽ አልለፍ። ሳምንት አልፎት ደህና ከሆነ ጥሩ ነው። ወደፊት ግን ከወደቀ በኋላ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከመጠን በላይ ከተኛ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ከሳተ በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

መልስ፦ ከዚራ ነኝ

እኔ አጭር ነገር ልጨምር። ዳዴ ለሚል ልጅ የቡና ከሰል ወለል ላይ አይቀመጥም። ሐረር ቤት ቡና በቀን ስንቴ እንደሚፈላ ታውቂያለሽ። እግዚአብሔር ይጠብቀው እንጂ ቢቃጠል ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀባም።

ጠያቂዋ፦ የሳቢያኗ እናት

ከጤና ጣቢያ ተመለስን። ወባ የለበትም ተባለ፣ ተመስገን። ዚንክ ሰጡን። የክትባት ካርዱን አይተው የ9 ወሩን የኩፍኝ ክትባት ሲሻለው እንድናመጣው ቀጠሩን። ባለቤቴ እዚያው ቆሞ ለእናቱ ደወለላቸው። «እሺ፣ ብቻ ልጁን አሳዩኝ» አሉ። ቁልቢን ለታኅሣሥ አስተላልፈናል። ሲሻለው በቀጥታ ሐረር እንሄዳለን። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ተቅማጡ ነገ ቢቆም ዚንኩን ላቁም?

መልስ፦ ሲስተር (ገንደ ቆሬ)

አታቁሚ። ተቅማጡ ቢቆምም የታዘዘልሽን ቀን ጨርሺው፣ ሐረርም ይዘሽው ሂጂ። ኪኒኑን በማንኪያ የታለበ ጡት ውስጥ አሟሚው፣ በደንብ ይውጠዋል።