ከ18,000 ብር ደመወዝ እጄ ላይ የሚደርሰው ስንት ነው?

ጥያቄ፦
አንድ የግል ድርጅት በወር 18,000 ብር ሊቀጥረኝ ተስማምቷል። ደመወዙ 35 በመቶ ግብርና 7 በመቶ ጡረታ ከተቆረጠበት 10,440 ብር ብቻ ይቀረኛል፤ የቤት ኪራዬን ከፍዬ ለመኖር ይህ አይበቃኝምና ስሌቴ ትክክል መሆኑን እንድትነግሩኝ እጠይቃለሁ።

መልስ 1፦
ትክክል አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው ገንዘብ በየእርከኑ ከ15 እስከ 35 በመቶ ይከፈልበታል፤ 35 በመቶው የሚመለከተው ከ14,000 ብር በላይ ያለውን ብቻ ነው። በአጭሩ ለማስላት የደመወዝዎን 35 በመቶ ወስደው 2,050 ብር ይቀንሱለት። ግብርዎ 4,250፣ ጡረታዎ 1,260፣ የተጣራው ደግሞ 12,490 ብር ይሆናል።

መልስ 2፦
በዚህ ላይ የምጨምረው፣ ግብሩ የሚሰላው ጡረታው ከመቀነሱ በፊት ባለው ደመወዝ ላይ መሆኑን ነው። አሠሪው ለጡረታ የሚያዋጣው 11 በመቶ ከእርስዎ ደመወዝ አይቆረጥም፤ ሊቆርጥ የሚሞክር ካለ አጥብቀው ይቃወሙ።

መልስ 3፦
ውሉን ከመፈረምዎ በፊት 18,000 ብሩ ያልተጣራ ይሁን የተጣራ በጽሑፍ ያረጋግጡ። የሚፈልጉት የተጣራ 15,000 ብር ከሆነ፣ 2,050 ቀንሰው ቀሪውን ለ0.58 ያካፍሉ፤ መደራደር ያለብዎት በ22,328 ብር ገደማ ነው።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ በዚሁ ስሌት እደራደራለሁ።